ክርስትና ለማንሳት ወደ ላፍቶ

አገራችን ከሰላ ድንጋይ ማዶ፣ ገብስና በግ ብቻ የሚበረክትበት ብርዳም አገር ነው። ከእኛ ሰው አዲስ አበባን ያየ ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባንም አልፎ በደቡብ በኩል ነፋስ ስልክና ላፍቶ የሚባለውን ሰፈር ያየ ከእኔና ከትርንጎ በቀር ያለ አይመስለኝም። ከተመለስን ወዲህ የሚያገኘኝ ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል። ለአንዱ ስናገር የጨመርሁትን ለሌላው ስረሳው ጊዜ፣ እንደ ሆነው አድርጌ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ተነሣሁ።

የሄድንበት ምክንያት ይህ ነው። ታናሽ እህቴ እታፈራሁ ነፋስ ስልክ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ጌታሁን የሚባል ሰው አግብታ ላፍቶ ትኖራለች። ነፋስ ስልክ ያሉት ያለ ሽቦ በአየር ወሬ የሚያስተላልፈው ምሰሶ እዚያ ስለ ቆመ ነው። ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለችና፣ ቀኑ ሲቃረብ በአንድ ነጋዴ አፍ መልእክት ላከችብኝ፤ «የልጄን ክርስትና የምታነሳው እትዬ ትርንጎ ናት፤ ጋሼ፣ ይዘሃት ና» የሚል።

የአገሬ ሰው ትርንጎን ያውቃታል፤ ለማያውቃት ልንገር። እናቷ በአያቴ ዘመን ከምዕራብ ተገዝታ የመጣች ነበረች፤ ትርንጎ በግቢያችን ተወለደች። ባርነት በአዋጅ ከቀረ በኋላም ከመሬታችን ዳር በተሰጣት ጎጆ ቀረች። እናታችን እታፈራሁን ወልዳ በአራስነቷ ስትሞት፣ ትርንጎ የራሷ ሕፃን በቅርብ ሞቶባት ጡቷ ወተት ነበረው፤ እህቴን አጥብታ አሳደገቻት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ ቆራቢ ሆናለች፤ ከቅዳሴ ሳትቆርብ አትወጣም። በሰንበቴ፣ ማለትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አብረን በምንበላበት ማኅበር፣ ድርሻዋ በር አጠገብ በራሷ ሸክላ ይሰጣታል። በእኛ ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። እኔ የቄስ ትምህርት አስተምራለሁና ሰው የኔታ ይለኛል፤ እሷም በእጇ ያሳደገችኝ ሆና እርስዎ እያለች ትጠራኛለች።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጊዜው ከትንሣኤ በኋላ፣ ጾም የሌለበት ነው። በቅሎዋ ላይ በቅል የተሞላ ቅቤ፣ ለሕፃኗ አንድ የበግ ጠጉር ባና፣ ለስንቅ በሶ ጫንን። በየተራ እንቀመጥ ብላት ትርንጎ እምቢ አለች።

«እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔን በቅሎ ላይ ሰው ቢያየኝ በየመንደሩ ያስቆሙናል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስለዚህ እኔ ስደክም በቅሎዋ ላይ ወጣሁ፣ እሷ እንዝርቷን እያሾረች በእግሯ ሄደች። ቀትር ላይ ጉም ወረደብንና የበቅሎዋን ጆሮ ማየት ተሳነኝ። መንገዱን ያገኘነው ከፊታችን የሚሄዱ ጨው ጫኝ አህዮች ፋንድያ እያየን ነው።

ወደ ማታ ጣርማበር አጠገብ፣ መኪና መንገዱ ዳር፣ ጠላ የምትሸጥ ሴት ቤት አደርን። ደግ ሴት ናት። እርጥብ ጋቢዬን ተቀብላ እሳት ላይ ዘረጋችልኝ፣ መደቡን ለቀቀችልኝ፣ የገዛ ቡልኮዋን ደረበችልኝ። ትርንጎን ደግሞ በጎተራው ሥር ገለባ ጎዝጉዛ አስተኛቻት። ጠላ ሲቀዳ ትርንጎ ሳትጠየቅ የራሷን ዋንጫ ከስልቻዋ አወጣች፤ ሴትዮዋም እፎይ ያለች መሰለኝ፣ ሞልታ ሰጠቻት። ጠዋት ስንነሣ ለመንገድ ብላ ቆሎ አስያዘችን፤ ለሁለታችንም እኩል ሰጠችን። በቅሎዋንም እስክንመለስ እሷው ዘንድ ተውናት።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ከደሴ ተጭኖ የመጣ ነበርና ቦታ ያገኘነው ከኋላ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ነው። ትርንጎ መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ዓይኗን ጨፍና ውዳሴ ማርያም ደገመች፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗን ገልጣ ሜዳውን ማየት ጀመረች፣ ለካ ዛፉ ነው የሚሮጠው ብላ ሳቀች።

ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ በላን። ሥጋ ወጥ ነው፤ ቅመሙ የእኛን ቤት አያህልም፣ እንጀራው ግን የጤፍ ነበርና በገብስ ለለመደ ሰው ጉሮሮ ላይ አይቆይም። ሸኖ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወርደን ዝናብ ውስጥ ቆምን። ጎማው ተቀይሮ ስንመለስ ቅሉ ተገልብጦ፣ በሞተሩ ሙቀት የቀለጠው ቅቤ ከፊት ለፊታችን በተቀመጠ አንድ ነጋዴ ጫማ ውስጥ ገብቶ አገኘነው። ሰውዬው ቀና ብሎ አየን። ትርንጎ ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግለት ጀመረች፤ እሱም፣ «ተይው፣ ዘንድሮ ሊስትሮ አያስፈልገኝም» አለ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከዚህ ሰው ጋር ስንጫወት ሄድን፤ የተረፈውንም ቅቤ በሽንኩርት ጆንያ ጥግ ደግፎ የያዘልን እሱ ነው።

መርካቶ ስንደርስ መሽቷል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጉራጌ ናቸው፤ ሻይ ለሁለታችንም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ አመጡ። ትርንጎ ዋንጫዋን ብታወጣም አላዩአትም። ከተማ ሰውን ዘሩን አይጠይቅም አልሁ በሆዴ። ይህን ያልሁት ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

ሐሙስ

ጠዋት በከተማ አውቶቡስ ለገሃር ደረስን፤ ከዚያ በጋሪ ወደ ደቡብ ወረድን። ከከተማው ስንርቅ ቤቱ እየሳሳ፣ እርሻው እየሰፋ ሄደ። ነፋስ ስልክ ላይ ረጃጅሞቹን የብረት ምሰሶዎች አየናቸው። ከእኛ አገር ትልቁ ጽድ ሦስቱን ቢደራርቡት አንዱን አይደርስበትም። ባለ ጋሪው ከዚያ በኋላ ፈረሱ ጭቃ ይፈራል ብሎ አወረደንና በእግር ወደ ላፍቶ እንድንሄድ በጅራፉ ጠቆመን።

ፈረሱ እውነቱን ነበር። የእኛ መሬት ድንጋያማ ነው፤ ዝናብ ሲያቆም ወዲያው ይደርቃል። የላፍቶ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ እግርን ይዞ አይለቅም። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ስጎነበስ ሁለተኛው ተቀበረ። እንደዚያ ሆነን ቆመን ሳለ አንድ የሚያርስ ገበሬ አየን። መጀመሪያ በኦሮምኛ ጠራን፤ አለመስማታችንን ሲያይ በአማርኛ ቁሙ፣ አትንቀሳቀሱ ብሎ መጣና በበሬ መንጃ ዘንጉ ጫማዎቼን አንድ በአንድ አወጣልኝ። ኦቦ ቱፋ ይባላል። ኦቦ ማለት በእነሱ ቋንቋ እንደ እኛ አቶ ነው። የጌታሁንን ቤት እንደሚያውቅ ነገረን፤ በሬዎቹን ፈትቶ ቅላችንን በትከሻው አንግቶ ወንዙን አሻገረን። ግን በቀጥታ አልወሰደንም፤ እግር ሳይታጠብ ሰው ቤት አይገባም ብሎ ወደ ራሱ ቤት አገባን።

ሚስቱ ውሃ አሙቃ የሁለታችንንም እግር አጠበች። ከዚያ ጮጮ በሚሉት በስንደዶ በተሸፈነ ዕቃ ወተት መጣ። ኦቦ ቱፋ ቀመሰና ለትርንጎ ዘረጋላት፤ በዕድሜ ታላቂቱ እሷ ናታ። ትርንጎ እጇን ወደ ስልቻዋ ሰደደች። እሱ ምን እንደምትፈልግ አልገባውም፣ ዕቃውን እንደ ዘረጋ ጠበቃት። ተቀብላ ጠጣች። ከእሷ ተቀብዬ እኔ ጠጣሁ። ስንጨዋወት እሱም የዚያው አጥቢያ ክርስቲያን መሆኑን፣ ሰንበቴውም ውስጥ መኖሩን፣ ነገር ግን መሬቱ የአባቶቹ ሆኖ ሳለ ከሰሜን የመጡት አባላት ከላይ፣ የአገሩ ተወላጆች ከታች እንደሚቀመጡ ነገረኝ። ሲነግረኝ አላማረረም፤ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

እህቴ ከሩቅ አይታን ሮጣ መጣች። እኔን አልፋ የትርንጎ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቤታቸው የጭቃ ምርግ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣበት ሰው ከሰው አይሰማማም። የጌታሁን እናት ወይዘሮ የሺመቤት አብረዋቸው ይኖራሉ። ለእኔ ከወገባቸው ዝቅ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። ትርንጎን ግን፣ «ማድ ቤት እሳት አለ፣ ግቢና ሙቂ» አሏት። ነገሩ የደግነት ይመስል ነበር።

ዓርብ

ጌታሁን መሥሪያ ቤቱን አሳየኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰዎች ጆሯቸውን ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ከባሕር ማዶ የተላከ ነገር በአየር መጥቶ ይሰማቸዋል ይባላል። እኔ ጆሮዬን ብጥል ጢዝ የሚል ንብ ብቻ ሰማሁ። እኛ አገር መልእክት በነጋዴ አፍ ሁለት ገበያ ይፈጃል።

ከሰዓት በኋላ የሰንበቴው ሙሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሙሴ የሚሉት የሰንበቴ አለቃን ነው፤ አቶ በላይነህ ይባላሉ፤ ሸምገል ያሉ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን በስም አልጠራውም፤ ሰዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉምና። ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። አቶ በላይነህ ስለ አገሬ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ በደንብ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ጌታሁን ዞሩ።

«ልጅ ጌታሁን፣ የምታነሳው ሴት የባሪያ ዘር ናት አሉ። እኛ ይህን ለመከልከል አልመጣንም፤ ጠበል ሰው አይለይም። ታንሳ። ነገር ግን ከሰንበቴው ሰው ጋር ከአንድ መሶብ አትቅረብ፤ የእሷ ድርሻ ማድ ቤት ይሰጣት። እንዲያ ከሆነ ሁላችንም እንመጣለን፣ ልጅህንም እንመርቃለን።»

ጌታሁን አመሰገናቸው። በፊቱ ላይ ከባድ ሸክም የወረደለት ሰው ዓይነት ነገር አየሁ። ጌታሁን ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ሰንበቴው ውስጥ የገባው በቅርቡ ነው። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያነሣው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ለቅሶ ቤት የሚቀመጠው ሰንበቴው ነው። ዘመድ በሩቅ ለቀረ ሰው ከዚያ መውጣት ማለት ምን እንደ ሆነ ማንም ይገባዋል። ሽማግሌዎቹ ያሉትም በአገራችን ከሚደረገው የተለየ ስላልሆነ፣ እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ትርንጎ ሕፃኗን አጥባ በቅቤ እያሸቻት ሳለ ጌታሁን መጣና ሽማግሌዎቹ ያሉትን በዙሪያ በዙሪያው ነገራት። ድግሱ ሰፊ ነው፣ ዳሱ ይጠባል፣ ማድ ቤት ይሻልሻል፣ እያለ። እሷ የሕፃኗን እጅና እግር አሽታ ጨረሰች፣ በባናው ጠቀለለቻት፣ ለእናቷ አቀበለቻትና እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«ሳልጠራ አልመጣሁም» አለች። «ልጅ አንሺ ተብዬ መጣሁ። ልጅ ካነሳሁ እናት ነኝ፤ እናንተም አበልጆቼ ናችሁ። እናትየው ማድ ቤት፣ ዘመዱ ዳስ የሚሆንበት ክርስትና እኔ አላውቅም። እንዲያ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፣ እኔ እንዝርቴን ይዤ አገሬ ልግባ።»

ጌታሁን በአገርሽስ እንዲሁ አይደለም ወይ አላት። እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ።

«በአገሬ ማንም ክርስትና አንሺልኝ ብሎኝ አያውቅም» አለችው። «በር አጠገብ የሰጡኝን የምቀበለው ሌላ ስላልሰጡኝ ነው። ይህን ግን እናንተ ናችሁ የሰጣችሁኝ። እኔ ቆራቢ ነኝ፣ ጌታሁን። ደሙን ስቀበል ቄሱ ለእኔ ብሎ ሌላ ጽዋ አምጥቶ አያውቅም። ከጌታ ማዕድ ያልለዩኝን ከጠላው ማን ነው የሚለየኝ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወይዘሮ የሺመቤት ከጓዳ ሰምተው ኖሮ ወጡ። የተናገሩት ለእሷ ሳይሆን ለእህቴ ነው፤ ልጄን ሰው አልባ ልታስቀሪው ነው ወይ፣ እኔ ነገ ብሞት ማን አፈር ያለብሰኛል፣ አሏት። የፈሩት እውነተኛ ነገር ነው።

እህቴ ልጇን እንደ ታቀፈች፣ «እኔ የእሷን ጡት ጠብቼ ነው ያደግሁት፣ እናቴ» አለቻቸው። «እሷ የቀረበችበት መሶብ የሚረክስ ከሆነ እኔ ከአጥንቴ ጀምሮ ርኩስ ነኝ። ልጅዎም የሚኖረው ከርኩስ ጋር ነው። ከእሷ በቀር ልጄን የሚያነሳ የለም።»

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ወጡን ሠሩ፣ ዳሱ ተጣለ፣ ኦቦ ቱፋ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ቄጠማ አጨደ፤ ሁሉ ሥራ ይሠራ ነበር፣ ድግሱ ለማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። ጌታሁን እኔን ይዞ አጥቢያው ቄስ ዘንድ ሄደ። ቄሱ ጎልማሳ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። በሥርዓት በኩል የሚከለክል ነገር እንደሌለ ነገሩን። ስለ ማዕዱ ስንጠይቃቸው ግን፣ እሳቸውም የሚኖሩት ከዚያው ሰንበቴ ጋር ነውና፣ «ጠበሉ የእኔ ነው፤ ድግሱ የአንተ ነው» ብለው ለጌታሁን መለሱለት። ስንመለስ ፉሪ ተራራ ላይ ዝናብ ይታይ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

እሑድ

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሰንበቴው ሁሉ መጥቷል። ሕፃኗን እህቴ ይዛለች፤ ትርንጎ አጠገቧ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ፣ እጆቿን ጎን ለጎን ጥላ ቆማለች። ቄሱ በመጠመቂያው ላይ ጸሎቱን አድርሰው፣ «የምታነሳት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ትርንጎ አልተንቀሳቀሰችም። ጌታሁንን ታየዋለች። ሁላችንም አየነው። ወደ አቶ በላይነህ ዘወር ሲል አየሁ፤ እሳቸው በዘንጋቸው ተደግፈው ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። ጌታሁን፣ ከቆምሁበት በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «አበልጄ ትርንጎ ናት» አለ። ቀጥሎም፣ «ከቤቴም ከማዕዴም አትለይም» አለ።

ያን ጊዜ እጇን ዘረጋች። ቄሱ ሕፃኗን ነክረው ወለተ ሥላሴ ብለው ሰየሟት፤ ትርንጎ ተቀብላ ማተቡን አሰረችላት፣ ጸሎተ ሃይማኖቱንም ስለ እሷ ሆና ሳትሳሳት ደገመች። ከዚያ ቅዳሴ ተገባ። በመጨረሻ ለቁርባን ስትቀርብ ሕፃኗን እንዳቀፈች ነበር፤ መጀመሪያ ለልጅቷ፣ ቀጥሎ ለእሷ አቀበሏቸው። ከትልልቆቹ ሰዎች በዚያን ቀን የቆረቡት እሷና አንድ መነኩሲት ብቻ ነበሩ። የሰንበቴው ሽማግሌዎች ከውጭ ቆመው አስቀደሱ።

ዳሱ ሞላ። አቶ በላይነህ ከላይ ተቀመጡ። እህቴ ትርንጎን እጇን ይዛ አመጣችና ከዋናው መሶብ፣ ከራሷ አጠገብ አስቀመጠቻት። ቄሱ እንጀራውን ባርከው ቆረሱ፤ ለአቶ በላይነህ ሰጡ፣ ለጌታሁን ሰጡ፣ እጃቸው ጥቂት ቆመና ለትርንጎ ሰጡ። ተቀብላ ጎረሰች።

አቶ በላይነህ የተሰጣቸውን እንጀራ ከመሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ተነሡ። አልተቆጡም። «እግዜር ይስጥልን ጌታሁን፣ እኛ በልተናል» አሉ። ከእሳቸው ጋር ከላይኛው ወገን ያሉት አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። አንዳንዶቹ ሲወጡ ሕፃኗን ሳሟት። ዳሱ ከላይ በኩል ባዶ ሆነ፤ ጠላው የተቀዳበት ዋንጫ ሁሉ በየቦታው ቀረ። ቄሱ ግን አልተነሡም። እህቴ መሶቡን እያየች ተቀመጠች።

ኦቦ ቱፋ ከታች በኩል ሚስቱንና ዘመዶቹን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ተነሣና ጋቢውን አስተካክሎ መጣ፤ አቶ በላይነህ በነበሩበት ቦታ፣ ከትርንጎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በኦሮምኛ ወደ ኋላው አንድ ነገር ሲናገር ሌሎቹም መጡ። ከእሷ ጋር ተጠጋግተው ተቀምጠው በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፤ ምርቃቱ በሁለት ቋንቋ ሆነ። እኔም በላሁ። ወጡ ቅመሙ በዝቶበት ነበር፣ የአገራችንን ይመስላል። ወይዘሮ የሺመቤት ግን ከጓዳ አልወጡም፤ በዚያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ሰኞ

ልንሄድ ስንነሣ ጌታሁን ወሬ ሰማ፤ በሚቀጥለው እሑድ በእሱ ተራ ሊመጣ የነበረው ዝክር ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ነገሩን ለእህቴ ሲነግራት እያዘነ ነበር፣ ግን ትርንጎን አልወቀሳትም። ኦቦ ቱፋ ጭቃውን ሊያሻግረን በጠዋት መጥቶ በር ላይ ቆሟል።

ትርንጎ ሕፃኗን ስማ ለእናቷ መለሰችና ወደ ጓዳ ገባች። ወይዘሮ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ጎንበስ ብላ፣ «ደህና ይሁኑ፣ አበልጄ» አለቻቸው። እሳቸው መቁጠሪያውን ቀጠሉ። ትርንጎ ጥቂት ጠበቀች፣ ከዚያ ወጣች።

መንገዱ ሲመለሱበት አጭር ነው። ጎማ አልፈነዳብንም። ጣርማበር ላይ በቅሎዋን ስናነሣ፣ ትርንጎ እግሯ አብጦ ነበርና ዳገቱን እሷ ተቀምጣ እኔ በእግሬ ሄድሁ። ሁለት መንደር ላይ አስቆሙን። ማን ናት ሲሉኝ የእህቴ አበልጅ ናት አልሁ፤ አሳለፉን።

ከክረምቱ በኋላ

መስከረም ላይ ያው የእህቴን መልእክት ያመጣው ነጋዴ መጣና ወይዘሮ የሺመቤት በነሐሴ ማረፋቸውን ነገረን። ሰንበቴው እንደ ማኅበር ለቀብሩ አልወጣም። ጉድጓዱን በዚያ ዝናብ የቆፈሩት ኦቦ ቱፋና ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አፈሩ ከሥር ውሃ እያፈለቀ አስቸግሯቸው እንደ ነበር ነጋዴው ሰምቷል። አቶ በላይነህ ግን ብቻቸውን መጥተው ቀበሩ፤ ሦስት ቀንም ከጌታሁን ጋር ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌሎችም አንድ ሁለት መጡ። ሰንበቴው እስከ ዛሬ ጌታሁንን አልመለሰውም።

ነጋዴው መርዶውን የነገረው ለእኔ ነው፤ እኔ ለትርንጎ ነገርኋት። በአገራችን አበልጅ ዘመድ ነው፤ አበልጁ የሞተበት ሰው ቤቱ ምንጣፍ አንጥፎ ለቅሶ ይቀመጣል፣ መርዶውን የሰማ ክርስቲያንም ሁሉ ይደርሳል። ትርንጎ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ጎጆዋን ጠርጋ ሰሌን አነጠፈች፣ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ በሰፌድ አቀረበችና ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ቀን ከእኔ በቀር ማንም አልመጣም። ሰዉ ተቸግሮ ነበር፤ ለቅሶ መቅረት ነውር ነው፣ ከእሷ ቤት ገብቶ እህል ከእጇ የቀመሰ ደግሞ የለም። በማግሥቱ የነፍስ አባቷ መጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ከንፍሮው ዘግነው በሉ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። በሦስተኛው ቀን የእኛ ሰንበቴ ሙሴ፣ ዕድሜያቸው ከሁላችንም የገፋ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ጎጆዋ ዝቅ ያለች ናት፣ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ እግዜር ያጥናሽ ብለው ከሰሌኑ ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ስለ ሟች መጠየቅ አለባቸውና ጠየቁ።

«ሴትዮዋ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?»

ትርንጎ ሰፌዱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። ላፍቶ ምን እንደ ተደረገ በዚያ ቤት ውስጥ የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነን።

«ልጇን የምትወድ፣ ሙያዋ የተመሰከረ ሴት ነበረች» አለች። «አበልጄ ነበረች።»

እንባዋ ወረደ፤ እውነተኛ እንባ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ከንፍሮው ዘገኑ፣ ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ ቀስ ብለው አኘኩ። ጥርስ ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ እስኪውጡ ድረስ በቤቱ ያለው ሁሉ አፋቸውን ያይ ነበር።